የመጨረሻው ሄክታር ዋጋ

በደቡብ ጎንደር ሰማይ በአውሮፕላን የሚያልፍ ወይም የአካባቢውን የሳተላይት ምስል የሚመለከት ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፍበት ነገር አለ። ከታረሰው ማሳ፣ ከግጦሹ ሜዳና ከተራቆተው ኮረብታ መካከል እዚህም እዚያም ክብ አረንጓዴ ነጥቦች ይታያሉ። የእያንዳንዱ ነጥብ እምብርት ቤተ ክርስቲያን ነው። ዙሪያውን የከበበው አጸድ ጽድና ወይራ፣ ዝግባና ጥቁር እንጨት፣ ዋንዛና ብሳና ይዟል። ከደኑ ጥላ ጥቂት እርምጃ ወጣ ሲሉ ግን ጤፍና ገብስ፣ አለዚያም ከብት የጋጠው መሬት ነው።

ጥያቄያችን ከእነዚህ ነጥቦች ይነሣል። አንድ ደን ከስፋቱ ግማሹን ቢያጣ ከዝርያዎቹም ግማሹን ያጣል? ብዙ ሰው አዎ ብሎ ይገምታል። በሳይንሱ ስሌት ግን ኪሳራው ከግማሽ በጣም ያንሳል። ነገሩ የምሥራች ይመስላል፤ አደጋው የተደበቀውም እዚሁ ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ኪሳራውን የሚሸሽገው ሕግ መጨረሻ ላይ ያበዛዋልና። ይህን ጠባይ አጥርቶ ለማየት ከደን እስከ ሰው አንጀት መጓዝ ያስፈልገናል፤ በሰውነታችን ውስጥ የሚሠሩት ኢንዛይሞችም የሚመሩት ጎብጦ በሚሄድ ተመሳሳይ ኩርባ ነው።

ውሃ የማይከበው ደሴት

ለሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ደሴት ለመሆን ባሕር አያስፈልግም። አንድ ፍጥረት የሚኖርበት ቦታ ሊኖርበት በማይችል ነገር ከተከበበ ቦታው ለእርሱ ደሴት ነው። ጣና ሐይቅ ውስጥ ገዳማት ያሉባቸው ደሴቶች መኖራቸውን ሁሉም ያውቃል። ለዓሣ ግን ደሴቱ ራሱ ሐይቁ ነው። ዙሪያውን የብስ ከቦታል፤ ከታችኛው ዓባይ ደግሞ 40 ሜትር ገደማ የሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ለይቶታል። በዚህ መነጠል ውስጥ ላቤዮባርበስ የሚባለው የዓሣ ወገን ከጣና በቀር የትም የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎች አፍርቷል። ከእነርሱ መካከል ሌሎች ዓሦችን እያደኑ የሚበሉ ይገኙበታል፤ ለዚህ ወገን ያልተለመደ አኗኗር ነው።

ተራራም እንዲሁ ነው። ዋሊያ ከሰሜን ተራሮች ሌላ አገር የለውም። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በጥቂት የኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች ላይ ብቻ ሲሆን፣ በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ባሌ ናቸው። ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው ለመሻገር በቆላና በእርሻ መካከል ማለፍ ግድ ይላል፤ ይህም ለቀበሮው እንደ ባሕር ነው።

ወደ ምሥራቅ እንለፍ። ከሐርጌሳ ዳርቻ፣ ከሼክ ኑር ተነሥቶ በበርበራ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ ደረቁን ምድር ካቋረጠ በኋላ የጎሊስን ተራሮች ያገኛል። ከዚያም ወደ ምሥራቅ ራቅ ብሎ፣ ከኤሪጋቦ በላይ ባለው ዳሎ ገደል አፋፍ፣ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚነሣው ጉም የሚያርሰው የጽድ ደን አለ። ጽዱ በደቡብ ጎንደር አጸዶች ውስጥ ያለው የጽድ ዝርያ ነው። ዋርሰንገሊ ሊኔት የምትባለው ትንሽ ወፍ የምትገኘው በዚህ ደጋማ አካባቢ ብቻ ነው። ከታች ያለው ሙቀትና ድርቅ የጽዱን ደን ከብቦ ይዞታል። ስለዚህ ደብረ ታቦር አካባቢ ያለ አጸድና የኤሪጋቦ ገደል አፋፍ፣ በመካከላቸው ስንት በረሃ እያለ፣ አንድ ዓይነት ፈተና ይጋራሉ፦ ትንሽ ናቸው፣ ተነጥለዋል።

መምጣትና መጥፋት

ትንሽነትና መነጠል ዝርያን እንዴት እንደሚወስኑ በግልጽ ያስረዱት ሁለት አሜሪካውያን ናቸው። ሮበርት ማክአርተርና ኤድዋርድ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1963 ሐሳባቸውን በጽሑፍ አቀረቡ፤ በ1967 ደግሞ በመጽሐፍ አሰፉት። ሐሳቡ ቀላል ነው። በማንኛውም ደሴት ላይ ሁለት ነገሮች ያለማቋረጥ ይካሄዳሉ፤ አዳዲስ ዝርያዎች ይመጣሉ፣ ነባሮቹም ይጠፋሉ። ደሴቱ ከዋናው ምድር ሲርቅ የሚመጡት ይቀንሳሉ። ደሴቱ ሲያንስ ደግሞ የሚጠፉት ይበዛሉ፤ ትንሽ ቦታ የሚይዘው ጥቂት ግለ ፍጥረቶችን ነውና አንድ ድርቅ ወይም አንድ በሽታ ሊጨርሳቸው ይችላል። የመምጫውና የመጥፊያው ፍጥነት እኩል በሚሆንበት ነጥብ ላይ የዝርያው ብዛት ይረጋል።

ዊልሰንና ተማሪው ዳንኤል ሲምበርሎፍ ይህን በ1960ዎቹ መጨረሻ በፍሎሪዳ ዳርቻ ፈተኑት። ውሃ ውስጥ የበቀሉ የማንግሮቭ ቁጥቋጦ ደሴቶችን መረጡ። እያንዳንዱን በድንኳን ሸፍነው፣ ጭስ መርዝ ለቀው በላዩ ያሉትን ነፍሳትና ሸረሪቶች ሁሉ አጠፉ። ከዚያ ድንኳኑን አንሥተው መቁጠር ጀመሩ። አንድ ዓመት ገደማ ሳይሞላ በአብዛኞቹ ደሴቶች ላይ የዝርያው ቁጥር ወደ ቀድሞው ተጠጋ። ከሁሉ የራቀው ደሴት ዘግይቶ፣ በጥቂት ዝርያ ቀረ። ቁጥሩ ቢመለስም የተመለሱት ዝርያዎች ግን በከፊል ሌሎች ነበሩ። ከላይ ሲያዩት ጸጥ ያለ የሚመስለው ደሴት በውስጡ የማያቋርጥ ወጪና ገቢ አለው ማለት ነው።

አሥር እጥፍ መሬት፣ ሁለት እጥፍ ዝርያ

የስፋትና የዝርያ ግንኙነት በቁጥር የተጻፈው ከዚህ ቀደም ብሎ ነው። ስዊድናዊው ኦሎፍ አርሄኒየስ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው ጽሑፍ የዝርያ ብዛት ከስፋት ጋር አብሮ እንደሚጨምር፣ ጭማሪው ግን እየቀዘቀዘ እንደሚሄድ የሚያሳይ ቀመር አቀረበ። በደሴቶች ላይ በብዛት የሚታየውን መጠን ይዘን ብናሰላ ነገሩ እንዲህ ይሆናል፦ ስፋቱ አሥር እጥፍ ሲያድግ ዝርያው ሁለት እጥፍ ያህል ያድጋል።

አሁን ስሌቱን ወደ ኋላ እናስኪደው። 100 ሄክታር ደን 100 የዛፍና የቁጥቋጦ ዝርያ አለው እንበል። 50 ሄክታር ሲቀር 81 ዝርያ ይቀራል። 25 ሄክታር ሲቀር 66፣ 10 ሄክታር ሲቀር 50፣ 1 ሄክታር ብቻ ሲቀር 25። ከደኑ ዘጠኝ አሥረኛው እስኪጠፋ ድረስ ግማሾቹ ዝርያዎች አሉ። ደኑን ያጠፋ ትውልድ ዙሪያውን ተመልክቶ «ኧረ ዛፉ ሁሉ አለ» ቢል አይፈረድበትም።

ሌላውን ገጽ ደግሞ እንይ። ስፋቱ ከ100 ወደ 99 ሄክታር ሲወርድ የሚጠፋው በአማካይ አንድ ሦስተኛ ዝርያ እንኳ አይሞላም። ከ2 ወደ 1 ሄክታር ሲወርድ ግን ስድስት ያህል ዝርያ ይጠፋል። የተቆረጠው በሁለቱም ጊዜ አንድ ሄክታር ነው፤ ኪሳራው ግን ሃያ እጥፍ ገደማ ይለያያል። ዛሬ የደጋው ደን ባለበት በደቡብ ጎንደር የምንገኘው በየትኛው የኩርባው ጫፍ እንደሆነ ለማወቅ ካርታ መመልከት ይበቃል።

ከስቶክሆልም ወደ በርሊን

የኦሎፍ አባት ስቫንቴ አርሄኒየስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1903 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያገኘው። በ1889 ሙቀት የኬሚካል ለውጥን ፍጥነት እንዴት እንደሚጨምር የሚያሰላ ቀመር አቅርቦ ነበር፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። አባትየው የኬሚካል ለውጥን ፍጥነት፣ ልጁ የዝርያን ብዛት በሒሳብ ገለጹ። በሁለቱ ሥራዎች መካከል ባሉት ዓመታት፣ በ1913፣ የፍጥረት ኬሚስትሪ የራሱን ኩርባ አገኘ።

ኢንዛይም ሕይወት ባለው ነገር ውስጥ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። የሚሠራበትን ንጥረ ነገር ይይዛል፣ ይለውጠዋል፣ ይለቀዋል፤ ራሱ ሳያልቅ ቀጣዩን ይይዛል። ጀርመናዊው ሌኦኖር ሚካኤሊስና ካናዳዊቷ ሐኪም ሞድ ሜንተን በርሊን ውስጥ ያጠኑት ኢንቨርቴዝ የሚባለውን ከእርሾ የሚገኝ ኢንዛይም ነበር። ሥራው የስኳርን ቅንጣት ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ መክፈል ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች የአሲዱን መጠን አጥብቀው ተቆጣጠሩ፣ የስኳሩን መጠን ከፍ ዝቅ አደረጉ፣ የለውጡንም ፍጥነት ገና ሲጀምር ለኩ። ስኳሩ ሲጨምር ፍጥነቱ መጀመሪያ አብሮ ጨመረ። ከዚያ ጭማሪው ቀዘቀዘ። በመጨረሻም የቱንም ያህል ስኳር ቢጨመር ፍጥነቱ ከአንድ ጣሪያ አላልፍ አለ።

ምክንያቱ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ለቆመ ሰው ግልጽ ነው። እህል የያዘ ሰው ጥቂት ሲሆን ብዙ በመጣ ቁጥር ብዙ ይፈጫል። ወፍጮው ሥራ ሳይፈታ መዋል ከጀመረ በኋላ ግን ሰልፉ ቢረዝም በሰዓት የሚፈጨው ኩንታል አይጨምርም። የኢንዛይሞቹ መያዣ ሁሉ ሲሞላ ፍጥነቱ ጣሪያው ላይ ይደርሳል።

ይህን ኩርባ ለመግለጽ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ያስፈልጋሉ። አንዱ ጣሪያው ራሱ፣ ማለትም ከፍተኛው ፍጥነት ነው። ሁለተኛው የሚካኤሊስ ቋሚ የሚባለው ሲሆን፣ የጣሪያው ግማሽ ፍጥነት የሚገኝበት የንጥረ ነገር መጠን ነው። ንጥረ ነገሩ ከዚህ ቋሚ ጋር እኩል ሲሆን ፍጥነቱ 50 በመቶ ነው። ሦስት እጥፍ ሲሆን 75 በመቶ፣ ዘጠኝ እጥፍ ሲሆን 90 በመቶ፣ 99 እጥፍ ሲሆን 99 በመቶ ይደርሳል። ከግማሽ ወደ 90 በመቶ ለመውጣት ዘጠኝ እጥፍ ያስፈልጋል፤ ከዚያ የቀሩትን ጥቂት በመቶዎች ለማግኘት ደግሞ እጅግ ብዙ። ከጣሪያው አጠገብ ያለ ኢንዛይም ንጥረ ነገሩ በግማሽ ቢቀንስበት ፍጥነቱ እምብዛም አይነካም። ከቋሚው በታች ወርዶ የሚሠራ ኢንዛይም ግን እያንዳንዷ ቅናሽ በቀጥታ ትሰማዋለች።

አንድ ኩባያ የግመል ወተት

ሐርጌሳ ገበያ ውስጥ ሴቶች የግመል ወተት በጄሪካን ይዘው ሲሸጡ ማየት የዕለት ተዕለት ነገር ነው። በወተቱ ውስጥ ያለው ላክቶስ የሚባለው ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ በሚባል ኢንዛይም ሲሆን፣ ኢንዛይሙ የሚገኘው በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ነው። ከዓለም ሕዝብ አብዛኛው ጡት ከጣለ በኋላ ላክቴዙ እየቀነሰ ይሄዳል። በከብትና በግመል አርቢ ሕዝቦች ዘንድ ግን ኢንዛይሙ እስከ ሽምግልና የሚዘልቅላቸው ብዙ ናቸው። በኢትዮጵያ የሚኖሩ የሶማሌ ግመል አርቢዎችን ያጠኑ የዘረመል ተመራማሪዎች ይህን ችሎታ የሚሰጡ ከአንድ በላይ የተለያዩ የዘረመል ለውጦች በአንድ ሕዝብ ውስጥ አግኝተዋል።

አሁን የሚካኤሊስና የሜንተንን ኩርባ እዚህ ላይ እናስቀምጥ። ላክቴዙ የቀነሰበት ሰው ያለው ኢንዛይም የጥራት ጉድለት የለበትም፤ የሚካኤሊስ ቋሚው ያው ነው። የወረደው ጣሪያው ነው፤ ኢንዛይሙ በቁጥር አንሷል። ስለዚህ ጥቂት ወተት ሲጠጣ አንጀቱ ይወጣዋል፣ ምንም አይሰማውም። አንድ ትልቅ ኩባያ ሲጠጣ ግን የሚገባው ላክቶስ ከጣሪያው ያልፋል። ትርፉ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፤ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፣ ሆድ ይነፋል፣ ይቆርጣል። እርጎ ወይም የረጋ የግመል ወተት የሚስማማው ባክቴሪያዎች ላክቶሱን በከፊል አስቀድመው ስለበሉለት ነው።

ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ኢንዛይሙ እየቀነሰ መሆኑን ለረጅም ጊዜ ላያውቅ ይችላል። ጣሪያው ከሚጠጣው ወተት በላይ እስካለ ድረስ ቅናሹ አይታይም። የሚታየው ትርፉ ካለቀ በኋላ ነው። የደኑም ነገር እንዲህ ነው።

ቆጣሪዎች የት ያቆማሉ?

ሁለቱ ዘርፎች የሚገናኙት በምሳሌ ብቻ አይደለም። የኢንዛይሙን ቀመር ሥነ ምኅዳር ወስዶ ይሠራበታል። ተመራማሪዎች አንድ ደን ገብተው ዝርያ ሲቆጥሩ ሁሉንም ዛፍ አይቆጥሩም፤ እኩል ስፋት ያላቸው ናሙና ቦታዎች ለይተው በየተራ ይመዘግባሉ። የመጀመሪያው ቦታ ብዙ አዲስ ዝርያ ይሰጣል። ቀጥሎ ያለው የተመዘገበውን ይደግምና ጥቂት ይጨምራል። እየቆየ አዲስ ዝርያ ማግኘት ብርቅ ይሆናል። ይህ ኩርባ ከኢንዛይሙ ኩርባ ጋር ይመሳሰላልና፣ የሚካኤሊስና የሜንተን ቀመር ገና ያልታየውን ዝርያ ጨምሮ የደኑን ጠቅላላ ብዛት ለመገመት ከሚያገለግሉ ዘዴዎች አንዱ ሆኗል።

ለምሳሌ ያህል፣ የአንድ ደን ጣሪያ 90 ዝርያ፣ ግማሹ የሚገኝበትም ሦስት ናሙና ቦታ ቢሆን፣ ሦስት ቦታ ያየ ቡድን 45 ዝርያ ይመዘግባል። ዘጠኝ ቦታ ያየ ከ67 በላይ፣ 27 ቦታ ያየ 81። በሦስት ቦታ ያቆመ ቡድን የደኑን ግማሽ ሳያይ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ያልታዩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ብርቅዬዎቹ፣ ማለትም አስቀድመው የሚጠፉት ናቸው።

በሁለቱ ኩርባዎች መካከል ያለውን ልዩነትም እንያዝ። የኢንዛይሙ ኩርባ ጣሪያ አለው፤ በአንድ ደን ውስጥ የሚደረግ ቆጠራም እንዲሁ። የኦሎፍ አርሄኒየስ ኩርባ ግን እየቀዘቀዘ ይወጣል እንጂ ጣሪያ የለውም። ስፋቱ በጨመረ ቁጥር ሌላ ገደል፣ ሌላ ወንዝ፣ ሌላ ከፍታ ይመጣል፤ ከእያንዳንዱ ጋር ሌላ ዝርያ።

ሃያ ስምንቱ አጸዶች

የደቡብ ጎንደርን አጸዶች በዝርዝር ካጠኑት ቀዳሚው ኢትዮጵያዊው የደን ተመራማሪ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ተመለከቱ። ስፋታቸው ከ1.6 እስከ 100 ሄክታር፣ ከፍታቸው ከ1,816 እስከ 3,111 ሜትር ነበር። በሁሉም ተደምሮ 168 የእንጨት ተክል ዝርያዎች ተገኙ፦ 100 ዛፍ፣ 51 ቁጥቋጦ፣ 17 ሐረግ። ከእነዚህ ከውጭ የመጡት ስምንት ብቻ ናቸው።

አሁን አንድ ቁጥር በቅርበት እንይ። በአንድ ደን ውስጥ የተገኘው ዝርያ ከ15 እስከ 78 ነበር። ከሁሉ የበለጸገው ደን እንኳ ከ168ቱ ግማሹን አልያዘም። የትኛው ደን ምን ይይዛል የሚለውን በዋነኛነት የወሰነው ደግሞ ከፍታ ነበር፤ በፎገራ ሜዳ ጠርዝ ያለውና በደጋው ላይ ያለው አጸድ የተለያዩ ዛፎች ቤት ናቸው። ስለዚህ «ትልቁን እንጠብቅ፣ ትንንሾቹ ቢጠፉ ግድ የለም» የሚለው ስሌት እዚህ አይሠራም። ትንሿ የደጋ አጸድ ትልቁ የታችኛው አካባቢ አጸድ የሌለውን ልትይዝ ትችላለች። አንድ ቤተ ክርስቲያን ለአንድ ዛፍ ብቸኛ መጠጊያ ሊሆን ይችላል።

ስፋት ቀላል ነገር ነው ማለት ግን አይደለም። የደኑ ዳር ንፋስ፣ ፀሐይና ከብት ያገኘዋል። ክብ የሆነ 1 ሄክታር ደን ከመካከሉ እስከ ዳሩ 56 ሜትር ያህል ብቻ ነው። የዳሩ ችግር 30 ሜትር ወደ ውስጥ ቢዘልቅ፣ የጥንቱን ጥላና እርጥበት የያዘ የሚቀረው ከደኑ 22 በመቶ ገደማ ነው። በ100 ሄክታር ደን ላይ ግን ያው 30 ሜትር 90 በመቶውን ሳይነካ ይተዋል።

ሌላም ስውር ነገር አለ። ጽድ፣ ወይራና ዝግባ ረጅም ዕድሜ ያላቸው ዛፎች ናቸው። አንድ አጸድ ውስጥ ገብቶ የሚቆጥር ሰው ትልልቆቹን አይቶ «ዝግባ አለ» ብሎ ይጽፋል። ከሥሩ ግን አንድም ችግኝ ላይኖር ይችላል፤ የበቀለውን ከብት ግጦታል፣ እግር ረግጦታል። ዛፉ በመዝገብ ላይ አለ፣ ትውልዱ ግን ተቋርጧል። ሳይንቲስቶች ይህን የመጥፋት ዕዳ ይሉታል። ዓለማየሁና ባልደረቦቻቸው ከብት የሚገባበትንና በአጥር የተከለለውን ቦታ ሲያነጻጽሩ፣ የተከለለው ቦታ ችግኞች በተሻለ ሁኔታ ሲበቅሉና ሲተርፉ አግኝተዋል። ዕዳው ሊከፈል የሚችል ዕዳ ነው ማለት ነው፤ ችግኙ ቦታ ካገኘ።

ከትንሿ እንጀምር

ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማንና ከአካባቢው ካህናት ጋር ሆነው የጀመሩት መፍትሔ የድንጋይ ካብ ነው። ምእመናኑ ከየማሳው ድንጋይ ይለቅማሉ፣ በደኑ ዙሪያ ይክባሉ። ማሳው ከድንጋይ ይጸዳል፣ ከብት ይከለከላል፣ የደኑ ወሰን ይታወቃል። ሒሳቡም የሚያበረታታ ነው። ክብ የሆነች 1 ሄክታር አጸድ ለመክበብ 354 ሜትር ካብ ይበቃል፤ 100 ሄክታር ደን ደግሞ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይፈልጋል። በኩርባው ተዳፋት ጫፍ ላይ ያለችው፣ አንድ ሄክታር ብታጣ ብዙ ዝርያ የምታጣው አጸድ፣ ራሷ በአንድ ደብር ጉልበት ልትታጠር የምትችለው ናት።

ካቡ ከነባሩ የዛፍ መስመር ወጣ ብሎ ቢሠራ ደግሞ ደኑ ሊሰፋ የሚችልበት ቦታ ያገኛል። በዚያው የኩርባ ጫፍ ላይ ጭማሪም እንደ ኪሳራው ትልቅ ዋጋ አለው፤ ከ1 ወደ 2 ሄክታር ያደገ ደን የሚያገኘው ዕድል ከ99 ወደ 100 ያደገው ከሚያገኘው ይበልጣል። በሁለት አጸዶች መካከል በወንዝ ዳር የሚተከል የአገር በቀል ዛፍ መስመርም ለወፍና ለዘር መሻገሪያ ይሆናል፤ የመምጫውን ፍጥነት ከፍ ያደርጋል፣ የጠፋውም የሚመለስበትን መንገድ ይከፍታል። በዳሎ ገደል አፋፍ ያለው የጽድ ደንም በዚሁ ስሌት ሊታይ ይገባዋል።

አብዛኛው ደን በአያቶቻችን ዘመን ሄዷል፤ ያኔ ኩርባው ለጥ ያለ ነበርና ኪሳራው ብዙም አልተሰማም። ዛሬ የቀረን ተዳፋቱ ነው። ሰበካ ጉባኤው የአጸዱን ወሰን ሲያስከብር፣ ወረዳው የመሬት ካርታ ሲያነሣ፣ ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን ለቆጠራ ሲልክ ከትንንሾቹ አጸዶች ይጀምር። እዚያ የዳነች አንዲት ሄክታር ሌላ ቦታ ከዳኑ ብዙ ሄክታሮች የበለጠ ዝርያ ታድናለች።